የሽማግሌ ቤት ትርፍና የእናታችን ድርሻ



ውድ አንባቢያን! ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ቢሆን ኖሮ ብዕሬ በቀለለልኝ ነበር። የማወጋችሁ ግን ስለ ራሴ ነው። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ በመድረሳ ቁርኣንና ፊቅህ ሳስቀራ የኖርኩ፣ በተለይም የውርስን ሒሳብ ለብዙ ወጣቶች ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በሰፈራችን ሰው ሞቶ ንብረት ሲከፋፈል «ኡስታዝ ይምጡና ያካፍሉን» እየተባልኩ ስንት ጊዜ ተጠርቻለሁ! በራሴ ቤት ግን ያስተማርኩትን ረሳሁ። እንዴት እንደረሳሁ ልንገራችሁ፤ ምናልባት በእናንተም ቤት ያለውን ነገር ታዩበት ይሆናል።

ነገሩ የጀመረው ታናሽ ወንድሜ ከአሜሪካ በደወለልኝ ስልክ ነው። ወንድሜ በዋሽንግተን ግዛት በሲያትል ከተማ አቅራቢያ ከዐሥር ዓመት በላይ ኖሯል። ሥራው ሽማግሎችንና አሮጊቶችን መንከባከብ ነው፤ ያጥባል፣ ያለብሳል፣ ያጎርሳል፣ መድኃኒት በሰዓቱ ይሰጣል፣ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያድራል። አንድ ቀን ከዒሻእ ሶላት በኋላ ደወለና «ጋሼ፣ በሰው ቤት ተቀጥሬ እስከ መቼ? ከጓደኞቼ ጋር ሆነን የራሳችንን የአረጋውያን ቤት ልንከፍት ነው። እናንተም ድርሻ ግቡበት» አለኝ።

ነገሩ አዲስ ስለሆነብኝ በደንብ እንዲያስረዳኝ ጠየቅሁት። በዚያ ግዛት ሕግ አንድ ሰው ፈቃድ ካወጣ በተራ መኖሪያ ቤት ውስጥ እስከ 6 የሚደርሱ አረጋውያንን ተቀብሎ ማኖርና መንከባከብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ተጨማሪ መስፈርት የሚያሟሉ ቤቶች እስከ 8 ሰው እንዲቀበሉ ተፈቅዷል። ከአገራችን የሄዱ ብዙ ሰዎችም በዚህ ሥራ ተሰማርተዋል። «ሥራው አይነጥፍም ጋሼ» አለኝ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከ1946 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ በአሜሪካ እጅግ ብዙ ሕፃናት ተወልደው ነበር። የዚያ ትውልድ ታላላቆች 80 ዓመት የሚሞላቸው በ2026 ነው። ይህን ያዩ እንደ ዌልታወርና ቬንታስ ያሉ ታላላቅ ኩባንያዎች የአረጋውያን ቤቶችን በብዛት ገዝተው አክሲዮናቸውን በኒውዮርክ ገበያ ያሻሽጣሉ። «ትልልቆቹ በመቶ ቤት የሚያደርጉትን እኛ በአንድ ቤት እናደርገዋለን» አለኝ።

ከዚያም ዋናውን ነገር አመጣው። የቤቱ ዋጋ አብዛኛው ከባንክ በብድር ይሸፈናል፤ የቀረውን እሱና ጓደኞቹ ያዋጣሉ። የእሱን ድርሻ ለመሙላት በደሴ ሸዋ በር ያለውን የአባታችንን ቤት እንድንሸጥ አሳሰበኝ። «በየወሩ ቁርጥ ያለ ትርፍ እልክላችኋለሁ። ሥራው ቢከስር እንኳ ዋናው ገንዘባችሁ አይነካም» ብሎ ቃል ገባልኝ።

ወላሂ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያላስተኛኝ ግን አላህን መፍራት አልነበረም፤ ስሌት ነበር። በትርፉ ቤቴን አድሳለሁ፣ ልጆቼን አስተምራለሁ፣ ሐጅም እሄዳለሁ አልኩ። ተመልከቱ! ነፍስ የምትፈልገውን ነገር በሐጅ ስትጠቀልለው እንዴት ያምራል!

በሳምንቱ አንድ ደላላ አነጋገርኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ኮምቦልቻና አዲስ አበባ ላሉት ሁለት እህቶቼም አልነገርኳቸውም። «ዋጋው ይታወቅና እነግራቸዋለሁ» ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁት። ብሩም ወደ ዶላር የሚሻገረው በባንክ በር ሳይሆን፣ እዚህ ለአንዱ ተከፍሎ እዚያ በሌላው እጅ እየተቀበሉ እንደሆነ ሲነገረኝ ዝም አልኩ። የተደበቀ ነገር ሌላ ድብቅ ነገር እየወለደ እንደሚሄድ ያን ጊዜ አላስተዋልኩም።

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ እናቴ አስጠራችኝ። ስደርስ ረከቦቱ ፊት ለፊቷ እንዳለ ነው። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«ዛሬ አንድ እንግዳ መጥቶ ሜትር ዘርግቶ ግቢውን ሲለካ ዋለ» አለችኝ። «የማዘጋጃ ቤት ሰው መስሎኝ ቡና አጠጣሁት። ካርታው የት ነው ሲለኝ ጊዜ ነው የገባኝ።»

አንገቴን ደፋሁ። ከዚያም ሁሉንም ነገርኳት። አቋርጣ አልተናገረችኝም። ስጨርስ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦

«እዚያ አገር የሚጦሩት ሽማግሎች ልጅ የላቸውም?»

«አላቸው እማ።»

«ቤትስ አልነበራቸውም?»

«ነበራቸው። ብዙዎቹ ለመጦሪያው የሚከፍሉት ቤታቸውን ሸጠው ነው።»

ይህ እውነት ነው። በአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው ሜዲኬር የተባለው የሕክምና መድን ለረጅም ጊዜ መጦሪያ የሚሆን ክፍያ አይሸፍንም። ሜዲኬይድ የተባለው ደግሞ የሚደርሰው ገቢና ጥሪቱ ላነሰ ሰው ነው። ስለዚህ ብዙው ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን በጥቂት ዓመት ይጨርሰዋል።

እናቴ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «እነሱስ ሽጠው የሚተኙበት አገኙ። እኔን የት ልታደርጉኝ አስባችሁ ነበር?» አለችኝ።

«እኔ ጋ ነዋ እማ! ሌላ የት ትሄጃለሽ?»

«ጠይቀኸኝ ነበር?»

ውድ አንባቢያን! ለዚህች ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢስራእ ወላጆቻችን እኛ ዘንድ ሳሉ ሲያረጁ የመሰላቸት ቃል እንኳ እንዳናሰማቸው አዞናል። እኔ ክፉ ቃል አላሰማኋትም። ግን በሕይወት እያለች፣ ቡናዋን እያፈላች፣ የተቀመጠችበትን መሬት አስለካሁባት። ከሁለቱ የቱ ይብሳል? እናንተ ፍረዱ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ለተማሪዎቼ እንደማደርገው ወረቀት አወጣሁ። አባታችን ከሞተ 14 ዓመት አልፎታል፤ ውርሱ ግን እስካሁን አልተከፋፈለም። ወላጆቹ ቀድመውት አልፈዋል። የተወው ሚስት፣ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ልጆች ነው። ልጆች ስላሉ የሚስት ድርሻ አንድ ስምንተኛ ነው፤ የቀረው ለልጆች፣ ለወንድ የሴት ዕጥፍ ሆኖ ይከፈላል። ንብረቱ ለ48 ሲከፈል እናቴ 6፣ እኔና ወንድሜ እያንዳንዳችን 14፣ እህቶቼ እያንዳንዳቸው 7 ይደርሳቸዋል። እንግዲህ ከ48ቱ እጅ 20ው የሦስት ሴቶች ሐቅ ነው ማለት ነው! ይህም እናቴ እንጀራ ሸጣ በገዛ ገንዘቧ ያሠራችው የፊት ለፊቱ ሱቅ ተለይቶ ከወጣላት በኋላ ነው። ይህን ሒሳብ ለስንቱ አስልቻለሁ። የራሴን ግን 14 ዓመት ሙሉ «እማ እያለች ምን ይከፋፈላል» እያልኩ አሳደርኩት። ሳይከፋፈል የቆየ ውርስ ለጠንካራው ያደላል። በኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው።

በማግስቱ ለወንድሜ ከመደወሌ በፊት ልጄን ጠራኋት። ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ተማሪ ናት። አጎቷ የላከውን ወረቀት እየተረጎመችልኝ፣ እኔም ኪታቤን ገልጬ አብረን አየነው። ከዚያ ንባብ ሦስት ጥያቄዎች አገኘን። ዛሬ በየቤቱ ዘመድ ከውጭ አገር እየደወለ «ገንዘብ አውጡ፣ ቤት እንግዛ» ስለሚል ጥያቄዎቹን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው፦ ቤቱ የሚገዛው በምንድን ነው? ለሽማግሌ ማረፊያ ማከራየት በራሱ ሐላል የሆነ ኪራይ ነው። በወለድ ብድር ሲገዛ ግን ነገሩ ይለወጣል። ይህ የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኪሳራም በር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የወለዱን መጠን ከዜሮ አካባቢ አንሥቶ በ2023 ከ5 በመቶ በላይ ሲያደርሰው፣ ተለዋዋጭ ወለድ ባለው ብድር የተገዙ ብዙ የአረጋውያን ቤቶች ገቢያቸው ዕዳቸውን መሸፈን አቃተው። በአክሲዮን ለሚገቡ ሰዎች መቀመጫውን ባሕሬን ያደረገውና አዮፊ በሚል ምህፃር የሚታወቀው የሸሪዓ የሒሳብ መመዘኛ ተቋም ያወጣው ልክ አለ። ሥራው ሐላል የሆነ ኩባንያ የወለድ ብድሩ ከገበያ ዋጋው 30 በመቶ መብለጥ የለበትም ይላል፤ ይህንንም ልክ የማይቀበሉ ዑለማዎች አሉ። የተሻለ መንገድ የለም እንዳትሉ በማሌዥያ እ.ኤ.አ. በ2006 አል-አቃር የተባለው የሆስፒታል ሕንፃዎች ማኅበር በሸሪዓ ደንብ ተዋቅሮ ለአክሲዮን ገበያ ቀርቧል። የወንድሜ ዕቅድ ግን ከሁለቱም አይደለም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የባንክ ወለድ ነበር።

ሁለተኛው፦ ቢከስር ኪሳራው የማን ነው? በፊቅህ የታወቀ ሕግ አለ፤ ትርፍ የሚገባው ኪሳራውን ለሚሸከም ሰው ነው። በሽርክና ትርፉን በተስማሙበት ይካፈላሉ፣ ኪሳራውን ግን እያንዳንዱ ባወጣው ገንዘብ ልክ ይሸከማል። «ዋናው ገንዘብህ አይነካም፣ በየወሩም ይህን ያህል ትቀበላለህ» ከተባላችሁ ስሙ ሽርክና ይባል እንጂ ገንዘቡ ብድር፣ ትርፍ የተባለውም ወለድ ነው። ወንድሜ ይህን ያለው ሊያጽናናን ነው። እኔ ግን በመድረሳ ባቡን ከፍቼ የማስቀራ ሰው ሆኜ ሳለሁ በጆሮዬ ጣፍጦኝ አለፍኩት።

ሦስተኛውን ያገኘችው ልጄ ናት። «አባ፣ ይህ ቤት እንደ ሱቅ አይደለም። ሱቅ ተቆልፎ ያድራል። እዚህ ግን ሌሊት የሚነቃ ሰው አለ፤ እሱ ነው ሥራው» አለችኝ። ቀጥላም የማኖርኬርን ታሪክ አነበበችልኝ። ማኖርኬር በአሜሪካ በመቶ የሚቆጠሩ የአረጋውያን መንከባከቢያዎች የነበሩት ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ካርላይል የተባለ የባለሀብቶች ቡድን ገዛው። በ2011 ሕንፃዎቹ ኤችሲፒ ለተባለ የሪል ስቴት ኩባንያ በ6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጡ። ከዚያ በኋላ መንከባከቢያው ትናንት የራሱ በነበረው ሕንፃ ተከራይ ሆነ፤ ኪራዩም በየዓመቱ ይጨምር ነበር። ሽያጩ ትርፍ ያመጣለት አለ። ኪራዩን የሚከፍለው ግን መንከባከቢያው ነው፤ የመንከባከቢያ ወጪ ደግሞ ዋናው የሠራተኛ ደመወዝ ነው። በ2018 ድርጅቱ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ኪሳራ አወጀ። ጋዜጦችም በአረጋውያኑ አያያዝ ላይ የተመዘገበው ጉድለት በዚያ ጊዜ እየበዛ መምጣቱን ጽፈዋል። ከግድግዳው የወጣው ትርፍ ከአልጋው አጠገብ ከነበረው ሰው የተቀነሰ ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ ለወንድሜ ደወልኩ። ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። የእናታችንን ጥያቄ ስነግረው ግን ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ እስከዚያ ቀን ያልነገረኝን ነገረኝ።

«ጋሼ፣ በምሠራበት ቤት ሌሊት ሁለት ሆነን ለ40 ሰው እናድራለን። አንዲት አሮጊት ደወል ስትደውል ሌላ ክፍል ሰው እያነሣሁ ነበር። ስደርስ ወድቃ አገኘኋት። ከዚያ ወዲህ ደወል በሰማሁ ቁጥር እሷ ትመስለኛለች። የራሴን ቤት የፈለግኩት ለዚህ ነው። 6 ሰው ብቻ ይዤ፣ ሁሉንም በስም እያወቅሁ ልሠራ ብዬ ነው። ገንዘቡን ግን ከየት ላምጣ?»

ስሙኝ ውድ አንባቢያን! የወንድሜ ኒያ ከኔ ኒያ የተሻለ ነበር። እኔ ያየሁት ወርኃዊ ትርፉን ነው፤ እሱ ያየው የወደቀችውን አሮጊት ነው። ጥፋቱ መንገዱ ላይ እንጂ ሐሳቡ ላይ አልነበረም። «የሚጦሩት ሙስሊም ካልሆኑ ሥራው ምን አጅር አለው?» የሚል ካለም፣ ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) አንድ ያረጀ አይሁዳዊ ሲለምን አግኝተው ከበይተል ማል እንዲጦር ማዘዛቸውን በአቡ ዩሱፍ ኪታቡል ኸራጅ የተዘገበውን ያስታውስ። ሽማግሌ ሽማግሌ ነው፤ ሐቅ አለው።

በዚያው ሳምንት እህቶቼን ጠራኋቸው። በእናቴ ፊት ተቀምጬ ያደረግሁትን ተናግሬ ዐፍው በሉኝ አልኳቸው። ታላቋ እህቴ አለቀሰች። ታናሿ ግን «ኡስታዝ ሆይ፣ የሰው ስታካፍል የኛን መቼ ታካፍላለህ እያልኩ ስጠብቅህ ነበር» አለችኝ። ቃሏ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። ውርሱ በምስክር ፊት ተጽፎ እያንዳንዱ ድርሻውን አወቀ። ቤቱ አልተሸጠም። የሁለቱ ሱቆች ኪራይ በገበያው ዋጋ ተስተካክሎ፣ የእናቴ ሱቅ ለእሷ፣ የሌላው በየድርሻችን መከፈል ጀመረ። ወንድሜም ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ቤት መግዛቱን ትቶ በኪራይ ውል ያዘ፤ ገንዘብ ያዋጡት ትርፍንም ኪሳራንም ሊካፈሉ ተፈራርመው ነው። ፈቃዱ ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ የመጀመሪያዎቹን ወራትም ያለ ትርፍ ነው የሠራው። ዛሬ አምስት አረጋውያን በቤቱ አሉ። ስንደዋወል ስለ ገንዘብ አያወራኝም፤ ማን ምን እንደበላና ማን ደኅና እንዳደረ ነው የሚነግረኝ።

እኛም እዚህ የሽማግሌ ቤት ሠራን ብል ውሸት አይሆንም። የእናቴ ሽንት ቤት ከግቢው ማዶ ነበር። ለ14 ዓመት በክረምቱ ጭቃ ሌሊት እየተነሣች ትሄድ ነበር፤ ማናችንም አላየነውም። የመጀመሪያው የኪራይ ገንዘብ ከመኝታዋ አጠገብ ሽንት ቤትና የውዱእ ቦታ ሆነ። በግድግዳው ላይ የምትይዘው ብረት ተተከለ፣ የበሩ ደረጃ ተነሥቶ በአቀበት ተተካ። ይህ ሁሉ የፈጀው ገንዘብ ለደላላው ልከፍል ከነበረው ኮሚሽን ያነሰ ነው!

ጓሮ ያለችውን ሰርቢስ ቤት ደግሞ እናቴ ከድርሻዋ ቆጥራ ያዘቻት። ጠዋሪ የሌላቸው አንዲት ጎረቤታችን እንዲኖሩባት ሰጠቻቸው፤ ከሳቸው በኋላም ሌላ ጠዋሪ ያጣ ሰው እንዲገባባት ወቅፍ ልታደርጋት ፈለገች። ሁላችንም ተስማምተን ፈረምን። ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን ከሁሉ የሚወዱትን መሬት ምን ላድርገው ብለው ነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ባማከሩ ጊዜ የተመከሩት ዋናውን አስቀርተው ፍሬውን ለሰው እንዲለቁ ነበር። እናቴ ይህን ሐዲስ ከኔ አልሰማችም። ያወቀችው ከልቧ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን! ለአረጋውያን በሚሆን ቤት ላይ ገንዘብ ማውጣት መልካም ንግድ ሊሆን ይችላል፤ አልከለክላችሁም። የሚያረጀው ሰው በየአገሩ እየበዛ ነው፣ በኛም ከተሞች ልጆቹ በስደት የተበተኑበት ወላጅ ብዙ ነው። እንደ መቄዶንያ ያሉ መርጃ ማዕከላት ደጅ ሄዳችሁ ብታዩ ይገባችኋል። ግን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ቤቱ የሚገዛው በወለድ ነው ወይስ በንጹሕ ገንዘብ? ኪሳራው የማን ነው? ሌሊት የሚነቃው ማን ነው፣ ስንት ሰውስ ይጠብቃል? ከሁሉ በፊት ደግሞ የምታወጡት ገንዘብ የማን እንደሆነ ጠይቁ። እናታችሁ የተቀመጠችበት ከሆነ፣ የእህቶቻችሁ ሐቅ ያለበት ከሆነ፣ ሜትሩ ከመዘርጋቱ በፊት ቡናውን አብራችሁ ጠጡና አማክሯቸው።

አባት የሞተባችሁና ውርሱን ያላካፈላችሁ ካላችሁም ዛሬ ማታ ወረቀት አውጡ። እኔ 14 ዓመት ዘግይቻለሁ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐላል ሪዝቅ ይስጠን፣ ወላጆቻችንን በሕይወት ሳሉ የምናይበት ዓይን ይስጠን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።